ላስቲክ፣ ጨርቅ ወይስ ፋይበርግላስ? ለትልቅ ሞዴል አውሮፕላን ሽፋን ሲመረጥ

ክንፉ አንድ ሜትር የሆነ ሞዴል ሰማይ ላይ ሲያልፍ ዓይን የሚይዘው ቀለሙንና ቅርጹን ብቻ ነው። ክንፉ ሁለት ሜትር ተኩል ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። ገና መሬት ላይ እያለ ሰው ይከበዋል፣ ጎንበስ ብሎ ያየዋል፣ አንዳንዱም በጣቱ ይዳስሰዋል። ያን ጊዜ የላስቲኩ መጋጠሚያ፣ ጥግ ላይ የቀረችው ሽብሽብ፣ ከቀለሙ ሥር ያልተላገው የባልሳ (ሞዴሉ የሚሠራበት ቀላል እንጨት) ጭረት ሁሉ ይናገራል። ወራት የፈጀ የእንጨት ሥራ በመጨረሻዎቹ ጥቂት ሳምንታት ያምራል ወይም ይበላሻል። ስለዚህ የሽፋኑ ምርጫ ከሞተሩ ምርጫ ያላነሰ ሐሳብ ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

«ትልቅ» ስል በዘርፉ የተለመደውን መለኪያ ይዤ ነው፤ ባለ አንድ ክንፍ ከሆነ የክንፉ ርዝመት ከጫፍ እስከ ጫፍ 80 ኢንች ወይም 203 ሴንቲ ሜትር፣ ባለ ድርብ ክንፍ ከሆነ 60 ኢንች ወይም 152 ሴንቲ ሜትር፣ ከዚያም በላይ። በዚህ መጠን ላይ ገዢው የሚያማርጠው በሦስት ቤተሰቦች መካከል ነው፦ በካውያ የሚለጠፍ ላስቲክ፣ ጨርቅ፣ እና ኢፖክሲ በተባለ ሁለት ፈሳሽ ተደባልቆ በሚጠነክር ሙጫ የሚለጠፍ ፋይበርግላስ (ስስ የመስታወት ጨርቅ) ከነቀለሙ። ሦስቱም የሚያምር ሥራ ይወጣቸዋል። ሦስቱም ያለቦታቸው ሲገቡ ያሳዝናሉ።

እውነተኛው አውሮፕላን ምን ለብሶ ነበር?

ጥቅል ከማዘዛችሁ በፊት ሁለት ጥያቄዎችን መልሱ። ሞዴሉ የተቀዳበት እውነተኛ አውሮፕላን ምን ለብሶ ነበር? የእናንተ ሞዴልስ አጽሙ ክፍት ነው ወይስ በባልሳ ሉህ የተሸፈነ? ብዙ ሰው በሁለቱ ፈንታ «የትኛው ይበልጥ ያብረቀርቃል?» ብሎ ይጀምራል። ስሕተቱ የሚወለደው እዚያ ላይ ነው።

ፓይፐር ጄ-3 ከብን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. ከ1938 እስከ 1947 የተመረተው ይህ ቢጫ አውሮፕላን የለበሰው ጨርቅ ነው። በክንፉ ጎድኖች መካከል ጨርቁ በትንሹ ጎድጎድ ይላል፣ በየጎድኑ ላይ የስፌት እብጠትና የጨርቅ ጥብጣብ ይታያል፣ ቀለሙም መስታወት አይመስልም። ይህን አውሮፕላን በሚያብለጨልጭ ላስቲክ የሸፈነ ሰው ንጹሕ ሥራ ቢሠራም ያየው ሁሉ «አሻንጉሊት ነው» ይላል። በተቃራኒው ፒ-51 ሙስታንግ የአልሙኒየም ቆዳ ያለው ተዋጊ ነው። የጨርቅ ድርና ማግ በላዩ ላይ ከታየ የቱንም ያህል ብንደክም ዓይን አይቀበለውም።

ሁለቱን ያደባለቁም አሉ። ሆከር ሃሪኬን ከአብራሪው በስተኋላ ያለው አካሉ ጨርቅ ነው፣ አፍንጫው ግን ብረት። ስፒትፋየር ደግሞ አካሉና ክንፉ ብረት ሆኖ ሳለ በመጀመሪያዎቹ ምርቶች ላይ መሪዎቹ፣ ማለትም የክንፉ አይለሮን፣ የጅራቱ ኤለቬተርና ራደር፣ ጨርቅ ለብሰዋል። እንዲህ ላለው ሥራ አንድ ዓይነት ሽፋን ብቻ መግዛት ቁጠባ ይመስላል እንጂ አይደለም። አካሉን ፋይበርግላስ፣ መሪዎቹን ጨርቅ ማልበስ ነው ልዩነቱን የሚያመጣው። በሙያው ያለ ሰው ቀርቶ የማያውቀው መንገደኛ እንኳ «እውነተኛ ይመስላል» የሚልበት ምክንያት ይኸው ነው፤ ምክንያቱን ግን መናገር አይችልም።

በካውያ የሚለጠፍ ላስቲክ

ይህ ከሁሉም ፈጣኑ፣ ቀላሉና ሽታ የሌለው ነው። ፖሊስተር ነው፤ በአንድ ገጹ በሙቀት የሚነቃ ማጣበቂያ አለው፣ ሲሞቅ ይጣበቃል፣ ይበልጥ ሲሞቅ ይኮማተርና እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጠራል። ቀለሙ አብሮት ስለሚመጣ ቀቢም፣ ጭምብልም፣ የሚደርቅበት ቀንም አያስፈልግም። ክብደቱ እንደ ቀለሙ ቢለያይም በካሬ ሜትር ከ60 እስከ 70 ግራም አካባቢ ነው። ላስቲክ ነው ብላችሁ አትናቁት። እ.ኤ.አ. በ1979 በሰው ጉልበት ብቻ እየተነዳ የእንግሊዝን ቦይ የተሻገረው ጎሳመር አልባትሮስ የለበሰው ስስ ፖሊስተር ነበር።

ከስሞቹ ሁለቱ ጎልተው ይታያሉ። ኦራኮቨር የጀርመን ሥራ ሲሆን በሰሜን አሜሪካ አልትራኮት በሚል ስም ሲሸጥ ኖሯል። በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይጣበቃል፣ በ150 አካባቢ ይኮማተራል። ሞኖኮት ይበልጥ ጠንካራና ይበልጥ አንጸባራቂ ነው፤ ነገር ግን ለመጣበቅ ወደ 135፣ ለመኮማተር ወደ 175 ዲግሪ ይፈልጋል፣ በጠመዝማዛ ቦታ ላይም እንደ ኦራኮቨር በቀላሉ አይታዘዝም። ለጀማሪ እጅ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። አንድ ጥግ ተበላሽቶ ሲነሣ በአብዛኛው ንጹሕ ሆኖ ይላቀቅና ዳግም ይለጠፋል። ሞኖኮት ሲነሣ ብዙ ጊዜ ቀለሙን እንጨቱ ላይ ጥሎ ነው። የክንፋችሁ ውስጥ ፎም ከሆነ ደግሞ ምርጫው አብቅቷል። ፎሙ የሚሠራበት ፖሊስታይሪን በ100 ዲግሪ አካባቢ መልፈስፈስ ስለሚጀምር ዝቅተኛ ሙቀት የሚፈልገውን ላስቲክ ብቻ ግዙ፣ ካውያውንም አንድ ቦታ ላይ አታቆዩ።

የላስቲክ ትክክለኛ ቤቱ ክፍት አጽም ነው። በጎድኖች መካከል ተወጥሮ ሲቀር ክንፉን ከመጠምዘዝ ይይዘዋል፤ ይህ ለውበት ብቻ አይደለም፣ በፍጥነት ላይ የሚመጣውን መርገብገብ ለመከላከልም ነው። በባልሳ ሉህ በለበሰ ክንፍ ላይ ግን ላስቲክ ከራስ ጋር የሚያጣላ ሥራ ነው።

አንድ ጊዜ 2 ሜትር ከ20 የሆነ፣ ሙሉ በሙሉ በባልሳ የለበሰ ክንፍ በጥቁር ሰማያዊ ላስቲክ ሸፈንኩ። ማታ በመብራት ሥር ስጨርሰው መስታወት ይመስል ነበር። በማግስቱ ሜዳው ላይ ግማሽ ሰዓት ፀሐይ ሲመታው ክንፉ ላይ ፊኛዎች መነሣት ጀመሩ። መጀመሪያ የጣት ጫፍ የምታህል አንዲት፣ ቀጥሎ መስመር ሠርተው አምስት ስድስት፣ በመጨረሻ የፊት ጠርዙን ተከትሎ መዳፍ የሚያህል እብጠት። ምክንያቱ ቀላል ነው። ባልሳ አየር የሞላው እንጨት ነው፤ ዳር ዳሩን አስቀድሜ ዘግቼው ስለነበር የሞቀው አየር መውጫ አጥቶ ላስቲኩን አነሣው። ጥቁር ቀለም ደግሞ ሙቀት ይስባል። ለሦስት ወር በየሳምንቱ በካውያ አስተኛሁት፣ በየሳምንቱ ተነሣ፤ የማታ ማታ ሁሉንም ልጬ በፋይበርግላስ ጀመርኩ። በሉህ ላይ የግድ ላስቲክ የምትጠቀሙ ከሆነ ከመሐል ወደ ዳር እየገፋችሁ ለጥፉ፣ ዳሩን መጨረሻ ዝጉ፣ እልከኛውን ፊኛ በመርፌ ጫፍ ወግታችሁ ተጫኑት፣ ቀለሙንም ፈካ ያለ አድርጉት።

የሁለቱ ቀለሞች መጋጠሚያም እውቀት ይጠይቃል። ፈካ ያለው ከታች፣ ጠቆር ያለው ከላይ ይሁን፤ ካልሆነ የታችኛው ቀለም አሳልፎ ይታያል። ሥራው ከክንፉ ሆድ ተጀምሮ በጀርባው ያልቃል፣ ከጅራት ወደ አፍንጫም ይሄዳል፤ መደራረቢያው እንደ ቤት ቆርቆሮ ፊቱን ከነፋሱ እንዲያዞር ነው። አሳላፊ ቀለም የምትወዱ ከሆነ ከፀሐይ ፊት ለፊት ሲያልፍ የጎድኖቹን ጥላ ማሳየቱ በእርግጥ ልብ ይነካል፤ ነገር ግን እያንዳንዱን መደራረቢያና እያንዳንዷን የሙጫ ጠብታ አብሮ ያሳያል።

ጨርቅ

እዚህ ላይ ብዙ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ትልቅ ሞዴል ከሁሉ በላይ የሚያምረው በጨርቅ ነው ብዬ ስለማምን። ጨርቅ ሲገዛ ሁለት መንገድ አለ፤ ማጣበቂያው ጀርባው ላይ ያለለት በካውያ የሚለጠፍ፣ ወይም ማጣበቂያውም ቀለሙም ለየብቻ የሚገዛ ጥሬ ፖሊስተር።

ለመጀመሪያው ዓይነት ዛሬ በቀላሉ የሚጠራው ኦራቴክስ ነው። ከኦራኮቨር ጋር አንድ ቤተሰብ ሲሆን በእውነተኛ አውሮፕላኖች ላይ የሚለበስ ዓይነትም አለው። ቀለም ተቀብቶ ስለሚመጣ እንደ ላስቲክ ለጥፎ መጨረስ ይቻላል፤ የጨርቁ ድር ግን ይታያል፣ ገጹም ለስላሳ ድብዛዜ አለው። ሶላርቴክስ የተባለው ለብዙ ዓመታት የዚህ ሥራ መለኪያ ነበር፤ ምርቱ ስለቆመ አሁን የሚገኘው ከሰው መደርደሪያ የተረፈ አሮጌ ጥቅል ነው። ካገኛችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ቁራጭ ለጥፋችሁ ሞክሩ፤ የቆየ ማጣበቂያ ኃይሉን ሊያጣ ይችላል። እንዲህ ያለው ጨርቅ በካሬ ሜትር ከ100 ግራም ወዲያና ወዲህ ይመዝናል፤ ከላስቲክ የበለጠ ነው። በምትኩ ሲወጋ አይቀደድም፣ በሣር ላይ ሲያርፍ እሾህ አይበሳውም፣ ፀሐይ ላይም እንደ ላስቲክ አይላላም።

ጥሬው ፖሊስተር ሌላ ዓለም ነው። ጨርቁ በማጣበቂያ አጽሙ ዳር ዳር ላይ ይያዛል፣ ከዚያ በካውያ ደረጃ በደረጃ ይሞቃል፤ መጀመሪያ ወደ 120 ዲግሪ፣ በመጨረሻ ወደ 175። ሲኮማተር ዓይናችሁ እያየ ሽብሽቡ ሁሉ ይጠፋል። ቀጥሎ የጨርቁን ቀዳዳ የሚሞላው ዶፕ የተባለ ፈሳሽ ቅብ ይመጣል። ዶፕ ሁለት ዓይነት ነው፦ ናይትሬትና ቡቲሬት። ናይትሬት በጨርቅ ላይ ይበልጥ ይይዛል፣ ግን እሳት ወዳድ ነው፣ የሞተር ነዳጅም ይበላዋል። ቡቲሬት ነዳጅ ይችላል። ስለዚህ ናይትሬት ከሥር፣ ቡቲሬት ከላይ። ቅደም ተከተሉን የገለበጠ ሰው ቀለሙ በቅርፊት መልክ ሲነሣ ያያል። የሚኮማተረው ዶፕ ለስስ አጽም አደገኛ ነው፤ ከዓመት ዓመት መሳቡን ስለማያቆም ጅራትን ያጣምማል። ጨርቁ በሙቀት ስለተወጠረ የምትገዙት ዶፕ የማይኮማተረው ዓይነት ይሁን። ዝናብ ባዘለ ቀን ደግሞ አትቀቡ። የዶፑ ፈሳሽ ሲተን ገጹን ያቀዘቅዘዋል፣ የአየሩ እርጥበት እዚያ ላይ ይረጋል፣ በጥቁር ክንፍ ላይ ወተት የፈሰሰ ይመስል ነጭ ዳመና ይቀራል።

አሁን ከቅርብ የሚታየውን ላሳያችሁ። ከመጀመሪያው የዶፕ ሽፋን በኋላ በየጎድኑ ላይ ወፍራም የልብስ ስፌት ክር ከፊት ጠርዝ እስከ ኋላ ጠርዝ ይዘረጋል። በእውነተኛው አውሮፕላን ላይ ስፌቶቹ 6 ሴንቲ ሜትር ይራራቁ ከነበረ የእውነተኛውን መጠን አንድ አራተኛ በሆነ ሞዴል ላይ ርቀታቸው 1.5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በየነጥቡ ላይ በመርፌ ጫፍ ትንሽ ነጭ የእንጨት ሙጫ ጠብ ይደረጋል፤ ሲደርቅ ቋጠሮ ይመስላል። በላዩ ላይ ጥርስ ባለው መቀስ ጠርዙ እንደ መጋዝ የተቆረጠ ስስ ጥብጣብ ይተኛል፣ ሌላ ዶፕ ይቀባል። አንድ ጎድን ሩብ ሰዓት ይወስዳል። ክንፉ ሠላሳ ጎድን ቢኖረው፣ ከላይና ከታች ሥራው ስልሳ ጊዜ ነው። ግን ማለዳ ፀሐይዋ ገና ዝቅ ብላ በጎን ስትመታው በእያንዳንዱ ጎድን ላይ የነጠብጣብ ጥላ ይሰለፋል፣ በመካከሉ ጨርቁ ጎድጎድ ብሎ ይታያል፤ ያን ሳይ የቆጠርኩት ሰዓት ሁሉ ይረሳኛል።

ቀለም ሲመረጥ አንድ ነገር አስቡ፤ የአልሙኒየም ቅንጣት ያለው ብርማ ቀለም በአንድ ስስ ሽፋን ሥሩን ይደብቃል፣ ቢጫና ነጭ ግን ሦስት አራት ጊዜ ካልተቀቡ አይሸፍኑም። በእውነተኞቹ የጨርቅ አውሮፕላኖች ላይ ብርማው ሽፋን ጨርቁን ከፀሐይ ጨረር ለማዳን ይቀባ ነበር፤ ለሞዴልም ከቢጫው ሥር አንድ ጊዜ ቢረጭ የሚያስፈልገውን ቢጫ ያሳንሰዋል፣ ዕድሜም ይጨምራል።

ሐርና የወረቀት ሽፋን በዶፕ መቀባት የቆየ ጥበብ ነው፤ አሁንም የሚያምር ቢሆንም በዚህ መጠን ባለ አጽም ላይ ለመቀደድ ቅርብ ስለሆነ ወደ ግዢ ዝርዝሬ አላስገባውም።

ፋይበርግላስ ከነቀለሙ

የብረት ቆዳ ለመምሰል፣ እንዲሁም በባልሳ ሉህ ለለበሰ ማንኛውም አካል ከዚህ የተሻለ አላውቅም። የሚገዛው እጅግ ስስ የመስታወት ጨርቅ ነው፤ በካሬ ሜትር 25 ግራም ወይም ከዚያ ያነሰ። 49 ግራም የሚመዝነው ለሆድና ለአፍንጫ፣ ድንጋይ ለሚነካው ቦታ ይቀመጥ። ብዙዎች «ይጠንክርልኝ» ብለው ወፍራሙን ለሙሉ ክንፍ ይገዛሉ፤ ወፍራም ጨርቅ ብዙ ኢፖክሲ ይጠጣል፣ ድሩን ለመሙላትም ብዙ ስቱኮ ይፈልጋል፣ ክብደቱ ሁለት ጊዜ ይገባል ማለት ነው።

ሥራው የሚሸነፈው ወይም የሚያሸንፈው ኢፖክሲውን በመግፈፍ ነው። ደረቁ ጨርቅ እንጨቱ ላይ ይነጠፋል፣ ስስ ኢፖክሲ ከመሐል ይፈስሳል፣ በአሮጌ የባንክ ካርድ ወደ ዳር ይገፈፋል፤ ከዚያ በሽንት ቤት ወረቀት ጥቅል እየተንከባለለ ትርፉ ይመጠጣል። ሲጨርስ ገጹ ማብረቅረቅ የለበትም፤ የጨርቁ ድር በግልጽ መታየት አለበት። የሚያብረቀርቅ ቦታ ካለ እዚያ ትርፍ ኢፖክሲ ተቀምጧል። ድሩን የሚሞላው በኋላ የሚመጣው የመሠረት ቀለም ነው፤ እሱም አብዛኛው በብርጭቆ ወረቀት ተልጎ መውደቅ አለበት። በ220 ቁጥር ይጀመራል፣ በ400 በውኃ እየራሰ ያልቃል። ውኃው አቧራውን ይይዘዋል፤ የመስታወት አቧራ ሳንባ ውስጥ መግባት የለበትም።

ኢፖክሲ ሲገዛ ለሽፋን ተብሎ የተሠራው ቀጭኑ ይሁን እንጂ የአምስት ደቂቃው ማጣበቂያ አይሁን፤ ገና ሳትገፉት ይጋገራል። ፖሊስተር ሬዚን ርካሽ ነው፤ ከሥሩ የፖሊስታይሪን ፎም ካለ ግን ያሟሟዋል። ኢፖክሲ አያሟሟውም። ሽታ የማይችል ሰው በኢፖክሲው ፈንታ ውኃ የሚቀጥነው የእንጨት ፖሊዩረቴን ቫርኒሽ ቢጠቀም ያምርለታል፤ ጥንካሬው ከኢፖክሲ ያንሳል፣ ነገር ግን ይደርቃል፣ ይላጋል፣ ብሩሹም በውኃ ይታጠባል።

ከላዩ የሚቀባው ቀለም የራሱ ምርጫ አለው። ሁለት ፈሳሽ ተደባልቆ የሚረጨው የመኪና ፖሊዩረቴን በውበትም ነዳጅ በመቋቋምም የሚደርስበት የለም። ነገር ግን ማጠንከሪያው አይሶሳያኔት የተባለ ኬሚካል አለበት፤ ሲረጭ ወደ ውስጥ የሳበ ሰው ዕድሜ ልክ የማይለቅ አስም ሊይዘው ይችላል። ተራ የአቧራ ጭምብል አያቆመውም። ከውጭ ንጹሕ አየር የሚያመጣ መሣሪያ ከሌላችሁ ይህን ቀለም አትግዙ፣ ወይም መሣሪያው ላለው የመኪና ቀቢ ስጡት። ይህን ስል እያጋነንኩ አይደለም። ቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው ውኃ የሚቀጥነው አክሪሊክ ከላዩ ደብዛዛ ቫርኒሽ ተረጭቶበት ለጦር አውሮፕላን ከበቂ በላይ ነው፤ ተዋጊ አውሮፕላን መስታወት አልነበረምና። ሞተሩ ቤንዚን ይሁን ሜታኖል አስቀድማችሁ እወቁ፤ ናይትሮሜታን ያለበት የሜታኖል ነዳጅ ብዙውን አክሪሊክ ያለሰልሰዋል። ቁራጭ ባልሳ ቀብታችሁ፣ ሳምንት አድርቃችሁ፣ በነዳጁ በራሰ ጨርቅ አሹት፤ መልሱ እዚያው ይገኛል።

የብረት ገጽታ የሚመጣው ከቀለሙ በፊት ነው። ስስ ፕላስተር በቆርቆሮው መጋጠሚያ መስመር ላይ ይለጠፋል፣ የመሠረት ቀለም ይረጫል፣ ይላጋል፣ ፕላስተሩ ሲነሣ ጥልቀት ያለው መስመር ይቀራል። የሪቬቶቹ (ቆርቆሮዎቹን የሚያያይዙ ምስማሮች) ራሶች በመርፌ የሚንጠባጠብ ነጭ ሙጫ ናቸው። እዚህ ላይ መሬት የረገጠ ምርምር ይጠቅማል፤ የሙስታንግ ክንፍ ፊተኛው ክፍል ከፋብሪካ ሲወጣ የሪቬቶቹ ጉድጓድ በስቱኮ ተሞልቶ፣ ተልጎ፣ ብርማ ቀለም ተቀብቶ ነበር። ክንፉን ሁሉ በሪቬት ነጠብጣብ የሞላ ሰው ብዙ ሳምንት ደክሞ ከእውነተኛው ራቀ ማለት ነው።

ክብደቱን በእጅ እንመዝነው

የአንድ አራተኛ ከብ ክንፍ 2.68 ሜትር ይረዝማል፣ ስፋቱ አንድ ካሬ ሜትር ከትንሽ ነው። ላይና ታቹን፣ ጅራቱንና አካሉን ስንደምር የሚሸፈነው ገጽ በግምት 3.5 ካሬ ሜትር ይመጣል። በላስቲክ ከሆነ 230 ግራም አካባቢ። በተቀባ ጨርቅ 350። ጥሬው ጨርቅ ከዶፑና ከቀለሙ ጋር ወደ 550 ሊደርስ ይችላል። በጥንቃቄ የተገፈፈ ፋይበርግላስ ከነቀለሙ በካሬ ሜትር ወደ 140 ግራም ስለሚሆን በዚያው ስፋት 490 ያህል፣ በግዴለሽነት ሲሠራ ግን እጥፉ። የቀለሙ ነገር እንዴት እንደሚከማች ለማየት፦ 25 ማይክሮን (የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አርባኛ) ብቻ የሚወፍር የደረቀ ቀለም በካሬ ሜትር ከ30 ግራም በላይ ነው። ሦስት ወፍራም እጅ የረጨ ሰው ጨርቁን የሚያህል ሌላ ጨርቅ አለበሰው።

ስምንት ኪሎ ለሚመዝን ሞዴል ሦስት መቶ ግራም በአካሉ ላይ ቢሰራጭ እሸከመዋለሁ። ጅራት ላይ ግን አንድ ግራም አልለቅም። ከሚዛን ነጥቡ 120 ሴንቲ ሜትር ወደኋላ የተቀመጠ 30 ግራም ቀለም አፍንጫው ላይ፣ 40 ሴንቲ ሜትር ወደፊት፣ 90 ግራም እርሳስ ያስጨምራል። መሪዎቹ ላይ የተቀባውም ከማጠፊያው በስተኋላ ስለሚከብድ መርገብገብን ይጋብዛል። ስለዚህ ሙሉው ሞዴል ፋይበርግላስ ቢለብስ እንኳ ጅራቱን ክብደቱ በቀለለ ጨርቅ ወይም በላስቲክ እሸፍናለሁ፣ አንድ የቀለም ሽፋን ብቻ እረጭበታለሁ።

ለማን የትኛው?

ክፍት አጽም ያለው የትርኢት አውሮፕላን፣ ቶሎ ወጥቶ እንዲበር የምትፈልጉት፣ ሲቀደድም ሜዳው ላይ ተለጥፎ የሚቀጥል ከሆነ ኦራኮቨር ግዙ፤ ልቤ ጥርጣሬ የለውም። የጨርቅ አውሮፕላን ቅጂ ሆኖ የመጀመሪያችሁ ከሆነ ኦራቴክስን ውሰዱና ጥብጣቡን ብቻ ጨምሩበት፤ ከሦስት ሜትር ርቀት ከጥሬው ጨርቅ የሚለየው ጥቂት ሰው ነው። ዳኛ ፊት ለማቅረብ፣ ወይም ለራሳችሁ እርካታ የምትሠሩት ከሆነና ክረምቱን ሙሉ ጊዜ ካላችሁ ጥሬ ፖሊስተርና ዶፕ። የብረት ቆዳ ላለው ሁሉ 25 ግራሙ ፋይበርግላስ። በላስቲክ ላይ የብረት መጋጠሚያ ለመምሰል በእስክሪብቶ መስመር የሚያሰምሩ አሉ፤ እኔ አልመክረውም፣ ቀርቦ ላየው ሰው የተሰመረ ላስቲክ ብቻ ነው።

በየትኛውም መንገድ ቢሆን እንጨቱን አስቀድማችሁ በረጅም ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ብርጭቆ ወረቀት ላጉ፣ ከዚያ መብራቱን ከጎን አብርታችሁ እጃችሁን አሳልፉበት። ጣት የሚያውቀውን እብጠት ቀለም አይሸፍነውም፤ ላስቲክ ደግሞ ያጎላዋል። ምልክቶችንና ቁጥሮችን በተመለከተ በላስቲክ ላይ የሚለጠፍ ስስ ቪኒል ይበቃል፣ በጨርቅና በፋይበርግላስ ላይ ግን ተለጣፊው ጠርዝ ስለሚታይ በወረቀት ቅርጽ ተሸፍኖ ቢረጭ ይሻላል።

ስለ ብዛቱ አንድ ስሌት ልተውላችሁ፣ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነው። ኦራኮቨር 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ኖሮት በ2 ሜትር ወይም በ10 ሜትር ጥቅል ይሸጣል። የከቡ አንዱ ክንፍ 1.34 ሜትር ይረዝማል፣ 40 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። ላይና ታች፣ ግራና ቀኝ አራት ቁራጭ፣ ለመያዣ ትርፍ ሲጨመር እያንዳንዳቸው 1.4 ሜትር፤ ድምሩ 5.6። «ሦስት ባለ 2 ሜትር ጥቅል 6 ሜትር ነው፣ ይበቃኛል» ያለ ሰው ከእያንዳንዱ ጥቅል የሚያወጣው አንድ ቁራጭ ብቻ ስለሆነ አራተኛው ላይ ይቆማል፤ ሌላ ጥቅል ሲያዝ ደግሞ ከሌላ ጊዜ ምርት የመጣው ቢጫ ትንሽ ይለያል፣ ልዩነቱም ክንፉ ጀርባ ላይ ፀሐይ ሲመታው ይታያል። ባለ 10 ሜትሩን አንድ ጊዜ ግዙ፣ ጅራቱንም አካሉንም ከዚያው ቁረጡ፣ የተረፈውን ጠቅልላችሁ ሙቀት በሌለበት ጨለማ ቦታ ለጥገና አስቀምጡ።